የወንፈሉ ጀሪካን

2012 ዓ.ም. ነበር። በጋው ገብቶ፣ ማሾው ተሰብስቦ፣ ሽንኩርቱ የሚኮተኮትበት ጊዜ። በእኛ በይፋት ቆላ በበጋ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ሰው ጥላ ይፈልጋል።

ዘሀራ እባላለሁ። ያኔ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ነበርኩ። ባለቤቴ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። የምኖረው ከሸዋ ሮቢት ከተማ በባጃጅ አስር ደቂቃ በምታስኬድ ቀበሌ ነው። ሁለት ሴቶች ልጆቼ አግብተው ወጥተዋል። አብሮኝ የነበረው ወንዱ ልጄ ሰይድ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ። በሰው መስኖ ማሳ በቀን ሥራ ሽንኩርት ይኮተኩታል፣ መድኃኒት ይረጫል፣ ጆንያ ይሸከማል።

ብዙ ማውራት አልወድም። ይህን የጻፍኩት ትልቋ ልጄ "እማ፣ ለሰው ይጠቅማል" ብላ ስለጨቀጨቀችኝ ነው። የሚያስቅ ነገር አለበት። ሳቁ፣ አልከፋም።

አስቀድሜ ስለ ወንድሜ ስለ መሐመድ ልንገራችሁ። በሠላሳ አራት ዓመቱ በኩላሊት ሞተ። እሱም የቀን ሠራተኛ ነበር። ጠዋት ጠዋት ዓይኑ ሥር ያብጣል፤ ስንጠይቀው "እንቅልፍ ነው" ይለናል። ሆስፒታል የወሰድነው እግሩ ጫማ እምቢ ሲለው ነው። ሐኪሙ በሽታውን ነገረው። በሦስተኛው ወር ቀበርነው።

ሰይድ ቁርጥ አጎቱን ነው። አረማመዱ፣ ሳቁ፣ ትከሻው። በዚያ ዓመት ደግሞ ጠዋት ጠዋት ዓይኑ ሥር ማበጥ ጀመረ።

"ልጄ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ" እለዋለሁ።

"ምን ሆኜ?"

"ዓይንህ አብጧል።"

"እንቅልፍ ነው።"

ይህን ሲለኝ የመሐመድን ድምፅ እሰማለሁ። በየሶላቴ የማደርገው ዱዓ አንድ ሆነ፤ ያ ረብ፣ ይህን ልጅ አስመርምርልኝ።

በዚያው ሰሞን የኩላሊት ጥናት የሚያደርጉ ሰዎች ወደ ቀበሌያችን መጡ። ጥናቱ የብዙ አገር ነው አሉን። በሙቀት አገር ፀሐይ ላይ የሚሠራ ሰው ኩላሊቱ ለምን እንደሚደክም ለማወቅ፣ እዚህም ሌላ አገርም እንደ እኛ ያሉ ሰዎችን ለብዙ ዓመት ይከታተላሉ። ከየቤቱ አንድ ሰው ብቻ፣ ያውም በዕጣ። ዕጣ የምታወጣው ነርስ ትዕግስት ነበረች፤ ከጎጃም ተመድባ የመጣች፣ ቀጭን፣ ሥራዋን የምታከብር ልጅ። የእኔንና የሰይድን ስም በሁለት ቁራጭ ወረቀት ጽፋ ጠቀለለቻቸው። እኔ በልቤ ሰይድ፣ ሰይድ እያልኩ ነው። አወጣችው። ዘሀራ።

"ልጄ፣ ለሰይድ አድርጊልኝ" አልኳት።

"አይቻልም እትዬ ዘሀራ። ዕጣ ነው።"

"ዕጣዬን ለልጄ ብሰጥስ? እናት መሬቷን ትሰጥ የለ።"

"መሬት ይሰጣል። ይሄ ግን አይሰጥም። ጥናቱ ይበላሻል።"

ሰይድ በሩ ላይ ቆሞ ሳቀ። "እንኳን ደስ አለሽ እማ!" ብሎ ዶማውን ይዞ ሄደ።

ትዕግስት ደሜን ቀዳች። ከዚያ ከመኪናው አንድ አዲስ ነጭ ጀሪካን አውርዳ ሰጠችኝ። በጎኑ ከአንድ እስከ አምስት ሊትር መስመር አለው።

"ነገ ጠዋት የመጀመሪያውን ሽንት ይድፉት" አለችኝ። "ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ፣ እስከ ከነገ ወዲያ ጠዋት ድረስ፣ እዚህ ውስጥ ያጠራቅሙ። አንዲት ጠብታ እንዳትጎድል። ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ።"

እንዳይጎድል ነገረችኝ። እንዳይጨመር ግን አልነገረችኝም።

በማግስቱ ጀመርኩ። ነጃሳ፣ ማለት ርኩስ፣ ስለሆነ ከምሰግድበት ክፍል አርቄ፣ ከቤቱ ጀርባ ፓፓያው ጥላ ሥር፣ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኜ አስቀመጥኩት። በነካሁት ቁጥር እታጠባለሁ። እንደዚያ ቀን ታጥቤ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ የአስር ሶላት ሲደርስ ሄጄ ባየው ሽንቴ የመጀመሪያዋን መስመር እንኳ አልነካም። ቆላ ነው፤ የጠጣነውን ሁሉ ፀሐይ ይወስደዋል።

ጎረቤቴ ከድጃ በአጥር በኩል መጣች። ከድጃ አፏ ቀድሟት ይሄዳል፤ ልቧ ግን ወርቅ ነው። ጀሪካኑን አንስታ ወዘወዘችው።

"ይህቺን ልትመልሺ ነው?"

"ያለኝ እሱ ነው።"

"ዘሀራ፣ አላህን ፍሪ። የሰው ዕቃ እንዲህ ጎድሎ ይመለሳል?"

አንባቢዎቼ፣ የእኛን አገር ወግ ታውቁታላችሁ። ጎረቤት በሰሃን ምግብ ከላከልሽ ሰሃኑ ባዶውን አይመለስም። ሌላ ቢጠፋ ቂጣ፣ ቃሪያ፣ አንድ እፍኝ ማሾ ይደረግበታል። ባዶ መመለስ ነውር ነው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ባሕር ተሻግረው የመጡ፣ ጤናሽን እንይልሽ ያሉ እንግዶች ናቸው።

"አስር ቤት ሙሉ ሲመለስ ያንቺ ብቻ ጎደሎ ሊሆን ነው" አለች ከድጃ። "የዚህ አገር ሴት ሽንት እንኳ የላትም ብለው ይጻፉብን?"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ወንፈል ነዋ!"

ወንፈል ማለት ለማያውቀው፣ ዛሬ ያንተን ማሳ ሁላችን እናርማለን፣ ነገ የእኔን ታርማላችሁ የሚባለው ነው። በአረም አውቀዋለሁ፣ በአጨዳ አውቀዋለሁ። በዚህ ግን ሰምቼ አላውቅም።

"ማታለል አይሆንብኝም?" አልኳት።

"ማታለል ውሃ ብትጨምሪበት ነው። ወተት ሻጭ ውሃ ሲቀላቅል ነው የሚወነጀለው። ወተት በወተት ላይ የጨመረ ማን ተከሶ ያውቃል?"

ጀሪካኑን ሰጠኋት። ከድጃ ቀድማ ሽንት ቤት ገባች። ቀጥላ ምራቷን ሀያትን ጠራቻት፤ ካገባች ሁለት ዓመት ያለፋት፣ ልጅ በዱዓ የምትጠብቅ ዓይናፋር ልጅ ነች። ከዚያ አባ ይመር በመንገድ ሲያልፉ ተያዙ። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ ከዘራቸውን ከአጥሩ ላይ አስደግፈው፣ "ለአገር ስም ከሆነማ" ብለው ገቡ። ብዙ ቆዩ። በጣም ብዙ። ከድጃ ከዚህ ሆና "አባ ይመር፣ ደህና ኖት?" ብላ ጮኸች። "ሽማግሌ አይቸኮልም!" የሚል ድምፅ መጣ። ሲወጡ ግንባራቸው በላብ ርሶ ነበር፤ ደስ ብሏቸው ግን መረቁኝ።

ሰይድ ከማሳ ሲመለስ ከድጃ ያዘችው።

"ና አንተ ጎረምሳ፣ የናትህን ዕቃ ሙላ!"

"እኔ ሽንቴን ለፈረንጅ አልሰጥም" አለ። ፊቱ ተቀየረ። ሳይበላ ተኛ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ፈጅር ሰግጄ ጀሪካኑን ለማየት ሄድኩ። ማታ ሦስተኛው መስመር ላይ የነበረው አራተኛውን አልፏል። ቆሜ አየሁት። ከድጃን ጠራኋት።

"ጨምረሻል እንዴ?"

"እኔማ አሁን መነሳቴ።"

ሁለታችን ተያየን። "በረካ ነው" አለች ከድጃ ቀስ ብላ። እኔም ሱብሀነላህ አልኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አምኜ ነበር።

ትዕግስት ስትመጣ ጀሪካኑን በሁለት እጇ አነሳች። "እትዬ ዘሀራ፣ ይሄ ሁሉ የእርስዎ ነው?"

"ሁሉም ከዚሁ ከቤቴ ነው" አልኩ። ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም።

*

በአራተኛው ሳምንት፣ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሁለት መኪና በራችን ላይ ቆመ። ሰይድ ያን ቀን የሥራ ተራው ከሰዓት ስለነበር ቤት ነው። መጀመሪያ ትዕግስት ወረደች። ቀጥሎ ዶክተር ሄኖክ፤ ጥናቱን ከአዲስ አበባ የሚመራው። ከኋላው አንድ ጠይም፣ አጠር ያለ ሰው ወረደ። አባ ይመር የአርጎባ ሰው መስሏቸው በአርጎብኛ የከብቱን የልጁን ደህንነት ሁሉ ጠየቁት። ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንድ በአንድ ራሱን ነቀነቀላቸው። በኋላ ስንጠይቅ ከስሪላንካ የመጣ የኩላሊት ሐኪም ነው፤ ዶክተር ኒማል። የእሱም አገር ገበሬ በዚሁ በሽታ ይቸገራል።

ኮምፒውተር ከፍተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ውስጡ መነጽር ያደረገ ሽማግሌ ፈረንጅ ታየ። ከኋላው በመስኮቱ በረዶ ይወርዳል። የጥናቱ ፕሮፌሰር ነው አሉ። እኔን ሲያይ ወደ ፊት ተጠጋ፤ አፍንጫው ብቻ ታየን።

"እትዬ ዘሀራ" አለ ዶክተር ሄኖክ፣ "አይደንግጡ። ውጤትዎ ትንሽ ግራ አጋብቶናል። ከሁሉ ቀድሞ የተመረመረው የእርስዎ ነው። አንድ ጊዜ እንመዝንዎት?"

ሚዛን አወጡ። ወጣሁ። ሃምሳ አንድ ኪሎ።

ሄኖክ ለኮምፒውተሩ ነገረው። ፕሮፌሰሩ ራሱን ወዘወዘና አንድ ነገር ተናገረ።

"ምን አለ?" አለች ከድጃ። ግቢው እስከዚያ በሰው ሞልቶ ነበር።

ሄኖክ ጉሮሮውን ጠረገ። "በስሌቱ ከሆነ፣ የዚህ ሽንት ባለቤት ወደ ሁለት መቶ ኪሎ መመዘን አለባት ይላል።"

ሰዉ ሁሉ እኔን አየ።

"ዘሀራ?" አለች ከድጃ። "ንፋስ ሲነሳ ቤት የምናስገባት ዘሀራ?"

እንደገና ሚዛኑ ላይ ውጪ አሉኝ። ሃምሳ አንድ። ሚዛኑ ተበላሽቶ ይሆናል ተብሎ ሄኖክ ወጣበት። ልክ ነው። አባ ይመርም ሳይጠሩ ወጡበት፤ አንድ ጊዜ ከነከዘራው፣ አንድ ጊዜ ያለ ከዘራው። ከዚያ ሰልፍ ሆነ። ትዕግስት ሚዛኑን ከሰው እግር ሥር ነጥቃ መኪና ውስጥ ቆለፈችበት።

ፕሮፌሰሩ አሁንም አልረካም። በመጋረጃ ከለሉኝና ትዕግስት ጎኔን በአልትራሳውንድ አየችኝ። ከድጃ መጋረጃውን ይዛለች። ከውጭ ሄኖክ ምስሉን ያያል።

"ሁለት ኩላሊት" አለ። "ደህና የሆኑ ሁለት ኩላሊቶች።"

ከኮምፒውተሩ ድምፅ መጣ።

"ሦስተኛም ካለ ፈልጉ ይላል።"

ትዕግስት ፈለገች። በግራ ፈለገች፣ በቀኝ ፈለገች። መሣሪያው ይቀዘቅዛል። አልተገኘም።

ስወጣ ሄኖክ አጠገቤ ተቀመጠ። ድምፁ ተለውጧል።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ግድ ነው። ሽንትዎ ውስጥ መኖር የሌለበት ፕሮቲን አለ። ብዙ ነው። ደምም አለበት። ይህ ሲሆን ኩላሊት እየተጎዳ ነው ማለት ነው። የደምዎ ውጤት ደግሞ ንጹህ ነው። ለምን እንደተለያየ አልገባንም፤ ሽንቱን ግን ችላ አንለውም።"

መሐመድ ትዝ አለኝ። ጫማው፣ ከአልጋው ሥር የቀረው። ከዚያ በኔ ላይ ይሁን፣ በልጆቼ ላይ አይሁን ብዬ አሰብኩ።

"አልሐምዱሊላህ" አልኩ።

ሰይድ ምሰሶው ሥር ቆሞ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። አንድ ቃል ሳይናገር ዶማውን አንስቶ በጓሮ ወጣ። የሥራ ሰዓቱ ገና ነበር።

ሄኖክ ግን አልጨረሰም። ትዕግስትን ወደ ጥግ ወስዶ አንሾካሾከላት። ትዕግስት ቀላች። ወደ እኔ መጥታ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለች።

"እትዬ ዘሀራ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፕሮፌሰሩ ግራ ሲገባቸው ያለውን ምርመራ ሁሉ አስደርገው ነበር። እና… እርጉዝ ይላል።"

"ማን?" አልኩ።

"እርስዎ።"

በሕይወቴ አንድ ጊዜ ነው ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ያልኩት። የስድስት ዓመት ባልቴት ነኝ። ግቢው በሰው ሞልቷል። ከድጃ መጋረጃዋን እንደያዘች አጠገባችን ነበረች። ሰምታለች።

"ምን?!" ብላ መጋረጃውን ወረወረችው። "ማንን ነው? ዘሀራን? ዋ! ምላሳችሁን ሰብስቡ! እኛ ሞልተንላት ነው!"

ሄኖክ ከጥጉ ተመልሶ መጣ።

"ምኑን ነው የሞላችሁላት?" አለ ሄኖክ።

"ጀሪካኑን ነዋ! ዕቃችሁ ጎደሎ እንዳይመለስ! እኔ አለሁበት፣ ምራቴ አለችበት፣ አባ ይመርም አሉበት!"

አባ ይመር ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። "እኔ ለዚች ሴት ክብር እመሰክራለሁ" አሉ። "የኔ ድርሻ ትንሽ ናት። ግን በብዙ ድካም የተገኘች ናት።"

የሄኖክ ብዕር ከእጁ ወደቀ። ለፕሮፌሰሩ መተርጎም ጀመረ፣ አቋረጠ፣ እንደገና ጀመረ። ፕሮፌሰሩ መነጽሩን አወለቀ።

ዶክተር ኒማል ግን ይስቅ ጀመር። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ በሆዱ፣ ከዚያ ግድግዳውን ይዞ። እንባውን እየጠረገ ለሄኖክ ነገረው፣ ሄኖክም ለእኛ።

"የሩዝ ገበሬ ልጅ ነኝ ይላል። እናቴ የጎረቤት ሰሃን ባዶውን የመለሰች ቀን እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። ይህን ቀድሜ መጠርጠር የነበረብኝ እኔ ነኝ ይላል።"

ከድጃ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየችው። "አላልኳችሁም?" አለች። "ደህና ቤት ያደገ ሰው ነው።"

ያን ጊዜ ትዕግስት ጥግ ላይ ቁጭ አለች። መዝገቧን አገላበጠች።

"ዶክተር" አለች፣ "በዚህ ቀበሌ… ጎድሎ የተመለሰ ጀሪካን የለም።"

"አንድም?"

"አንድም። ሕዝቡ ውሃ በደንብ ይጠጣል ብዬ ሪፖርት ልኬአለሁ።"

ሄኖክ ይህንንም ተረጎመ። በረዶው አገር ያለው ሰውዬ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ አደረገ። ለረጅም ጊዜ የታየን መላጣው ብቻ ነው።

በዚህ መሃል ከድጃ ቆም ብላ አሰበች። ጣቷን አንድ በአንድ አጠፈች። "ዘሀራ አይደለችም። እኔ አልፎብኛል። አባ ይመር…" አለችና ወደ ምራቷ ዞረች። ሀያት ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ነበር። የከድጃ እልልታ እስከ አስፋልቱ ሳይሰማ አልቀረም። ሁለት ዓመት የተጠበቀ ልጅ በእኔ ጀሪካን ተበሠረ።

ደስታው ሲበርድ ኒማል ወደ ሄኖክ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር አለ። አይስቅም አሁን።

"ከጨመሩት ሰዎች አንዱ ታሟል" አለን ሄኖክ። "ማን እንደሆነ ዛሬውኑ ማወቅ አለብን። ማን ማን ነው የጨመረው?"

ያን ጊዜ ያልነበረው ሁሉ "እኔም አለሁበት" ማለት ጀመረ፤ ነጻ ምርመራ ነውና። አስራ አንድ ሰው ሆነ። ፕሮፌሰሩ አንገቱን ቀና አድርጎ በወረቀት ደመረ። አስራ አንድ ሰው ከሆነ ጀሪካኑ በርሜል መሆን ነበረበት አለ። ትዕግስት በቁጣ ትክክለኞቹን ለየች። ለእያንዳንዳችን ትንሽ ብልቃጥ ሰጠችን። በየተራ ገባን። ቀጭን ወረቀት ትነክራለች፤ ቢጫ ከቀረ ደህና፣ አረንጓዴ ከሆነ ፕሮቲን አለ።

እኔ፣ ቢጫ። ከድጃ፣ ቢጫ። ሀያት፣ ቢጫ። አባ ይመር እንደ ልማዳቸው ቆዩ፤ እሳቸውም ቢጫ።

"ሌላ ሰው አለ" አለ ሄኖክ።

"የለም" አለች ከድጃ። "ወላሂ የለም።"

እኔ ግን የዚያን ቀን የፈጅሩን ጀሪካን በዓይነ ልቦናዬ አየሁት። ሦስተኛው መስመር። አራተኛው መስመር። በረካ ያልነው።

ነጠላዬን አነሳሁ። "ጠብቁኝ" አልኳቸው። ሌላ አልተናገርኩም።

ሰይድ የሚሠራበት ማሳ ከእኛ ቤት ሩቅ አይደለም፤ የመስኖ ቦዩን ተከትሎ ነው። ሰይድ ከቦዩ ዳር ተቀምጧል። ዶማው አጠገቡ ነው፤ አልነካውም። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"አንተ ነህ" አልኩት።

"እኔ ነኝ።"

"መቼ አወቅክ?"

"ምንም አላወቅኩም እማ። አረፋ ነው የማየው። እንደ ሳሙና። ከረመዳን ጀምሮ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አጎቴ ሲነገረው ነው የሞተው። እስኪነገረው ድረስ ይሠራ ነበር።"

 ልጅ ሳለ ያየውን ነው የሚናገረው።

"በስምሽ ይታይልኝ ብዬ ነው" አለ። "ክፉ ከሆነ 'እናትህ ታማለች' ይሉኛል፤ ያኔ አውቃለሁ። ለእኔ ግን ማንም አልነገረኝም ማለት ነው።"

"እኔስ ሰይድ?"

"አንቺን አላሰብኩሽም።" ድምፁ ተሰበረ። "ዛሬ ሲነግሩሽ አልሐምዱሊላህ አልሽ። በእኔ በሽታ አልሐምዱሊላህ አልሽ እማ።"

እጁን ያዝኩት። የዶማ እጅ ነው፣ ሻካራ። "ተነስ" አልኩት። "እንግዳ አስቀምጠን መጥተናል።"

ሳቀ። እያለቀሰ ሳቀ። ተነሳ።

የሰይድ ወረቀት ትዕግስት ሰከንዱን ቆጥራ ሳትጨርስ አረንጓዴ ሆነ። የደም ግፊቱን ለኩ፤ ከፍ ብሏል። በአልትራሳውንድ አዩት። ኒማል ብዙ ጠየቀው፤ ስንት ሰዓት ፀሐይ ላይ ይሠራል፣ ስንት ኩባያ ውሃ ይጠጣል፣ ለወገቡ ሕመም ከሱቅ ምን ክኒን ይገዛል። ሰይድ ሁሉንም መለሰ። እንደዚያ ቀን ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

"እሞታለሁ?" አለ በመጨረሻ።

"ሁላችንም" አለ ሄኖክ። "አንተ ግን በዚህ አሁን አይደለም። አጎትህ ዘግይቶ ነው የመጣው። አንተ ቀድመሃል። ግፊቱን ካወረድነው፣ ከቀትር ፀሐይ ከወጣህ፣ ያንን ክኒን ከተውክ፣ ኩላሊትህ ብዙ ዓመት ሊያኖርህ ይችላል። ነገ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ትሄዳላችሁ፤ እኔ አሁን እጽፋለሁ።"

እኔም አንዴ ልሞክር ብዬ፣ "እኔን ከጥናቱ አውጡና እሱን አስገቡት" አልኩ። ሄኖክ ተረጎመ። ፕሮፌሰሩ ተከዘ፤ ከዚያ አይሆንም ብሎ ራሱን ወዘወዘ። ዕጣ ዕጣ ነው። አልተቀየምኩትም። ሕጉን የሚያከብር ሰው ነው። ሆኖም ስንሰናበት የሆነ ነገር ተናገረ፣ ሄኖክም ተረጎመልኝ፤ "ለልጅዎ እጸልያለሁ፤ ከጸለይኩ ሃያ ዓመት ሆኖኝ ነበር" አለ። በየጀሪካኑ ላይም ከዚያ ወዲህ "ባይሞላም ይመለስ" የሚል ወረቀት ይለጠፋል። ከድጃ አሁንም ነውር ነው ትላለች።

እነሆ ዓመታት አለፉ። ሰይድ አለ። ክኒኑን ይውጣል፤ ፀሐይ ሳይበረታ ይሠራል፣ ቀትር ላይ ጥላ ሥር ይውላል። በየጊዜው ይለካል፤ አንዳንዴ ከፍ ይላል፣ አንዳንዴ ደህና ነው። ድኗል አልላችሁም። አለ። ለእኔ ይህ ይበቃል። የሀያት ልጅ አጥራችንን እየዘለለ ያስቸግረናል።

የተለወጠው ምንድነው ብትሉኝ፣ ዱዓዬ ነው። ያኔ "አስመርምርልኝ" እል ነበር፤ ልጁ ለምን እንደሚፈራ ግን አንድ ቀን አልጠየቅኩትም። "ዓይንህ አብጧል" ማለት ጥያቄ አይደለም። እናንተም ቤት "እንቅልፍ ነው" የሚል ሰው ካለ፣ ቁጭ በሉና ምን እንደሚፈራ ጠይቁት። ሐኪም ቤቱ ከዚያ በኋላ ቅርብ ነው። ትዕግስትን፣ ሄኖክን፣ ኒማልን፣ በረዶ አገር ያለውን ሽማግሌም አላህ ይጠብቅልኝ። ከድጃንም፤ ነገሩን ሁሉ ያበላሸችው እሷ ናት፤ ባታበላሸው ኖሮ ልጄ አይገኝም ነበር።

ያኔ እንግዶቹ በሄዱ ማግስት፣ ጠዋት ፈጅር ሰግደን በሚኒባስ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣን። ሰይድ መስኮት በኩል፣ እኔ አጠገቡ። ደብረ ሲናን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ ብርዱ ጀመረ፤ የቆላ ሰው ነንና የለበስነው ስስ ነበር። ጣርማ በር ልንደርስ ስንል ሰይድ ሾፌሩን "ወራጅ አለ፣ ለሽንት" አለው። መኪናው ዳር ይዞ ቆመ። ከድንጋዮቹ ጀርባ ሄደ። ተሳፋሪው ብርዱን እየረገመ ይጠብቃል። ሰይድ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እንደ ሰላምታ ቀለል አድርጎ፣

"አረፋ አለው እማ" አለኝ።

"አልሐምዱሊላህ" አልኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አጠገቤ ሲቀመጥ ነጠላዬን ዘርግቼ ትከሻው ላይ አደረግኩለት፤ መኪናው ተንቀሳቀሰ።